ለአንተ ሽታው፣ ለእኔ ሳሉ

ክረምት ሲገባ ከተማችን ውስጥ ሁለት ነገር ይበዛል፤ ጎርፍና ትዝታ። ጎርፉ ከእንጦጦ ይወርዳል፣ ትዝታው ደግሞ ከጎልማሳ ወንዶች አፍ። «ድሮ ክረምት በቤታችን…» ብሎ የሚጀምር ወግ ያልሰማሁበት ሐምሌ ትዝ አይለኝም። በሬዲዮ እንሰማዋለን፣ በመጽሔት እናነበዋለን፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሳይቀር ይነገራል። የሚቆላው ሽሮ፣ የሚደለዘው በርበሬ፣ ከሰል ላይ የሚጠበሰው በቆሎ፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ፣ ለእንቁጣጣሽ በኖራ የሚነጣው ግድግዳ፣ ሬዲዮኑ ላይ ጣል የተደረገው የእናት ዳንቴል… ማሳረጊያውም የታወቀ ነው፤ «የዛሬ ሴቶች ባልትናን ጣሉት፣ ቤት ሆቴል ሆነ፣ ልጆቻችን መሠረት አጡ።»

እኔም ከነዚህ ባለትዝታዎች አንዱ ነበርኩ። ከቀንደኞቹ ነበርኩ ብል አላጋነንኩም። የዛሬ ሁለት ዓመት በጳጉሜን እናቴ ቤት ተሰብስበን ቡና ሲፈላ ይህንኑ ዲስኩሬን ጀመርኩ። ወንድሞቼ ራሳቸውን እየነቀነቁ ያጅቡኛል። በርበሬው ላይ ስደርስ ዓይኔን ጨፈን አድርጌ «ኧረ ያ ሽታ! ሠፈሩን ሁሉ ያውደው አልነበረም?» አልኩ። እናቴ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅም ነበር። ቀና ሳትል «ልጄ፣ ለአንተ የቀረህ ሽታው ነው፤ ለእኔ የቀረኝ ሳሉ ነው» አለችኝ።

ወንድሞቼ ዝም አሉ። እህቴ ሳቀች። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይኸው የእህቴ ሳቅ ነው። ቀልድ የሰማ ሰው ሳቅ አልነበረም፤ አንድ ሰው እስኪናገርላት አርባ ዓመት ስትጠብቅ የኖረች ሴት ሳቅ ነበር።

ወደ ነገሬ ልግባ። የክረምት የቤት ሕይወት ሞተ የሚሉ ሰዎች ገዳይ ይፈልጉለታል፤ ሲያሻቸው ኮንዶሚኒየሙን፣ ሲያሻቸው ቴሌቪዥኑን፣ ብዙውን ጊዜ ግን ቢሮ የምትውለውን ሴት። እኔ ደግሞ እላለሁ፦ እኛ ወንዶች መጀመሪያውኑ በዚያ ሕይወት ውስጥ አልነበርንም። እንግዶቹ ነበርን። ተስተናግዶ የወጣ እንግዳ «ቤቴ ፈረሰ» ብሎ ሙሾ ማውረድ ምን የሚሉት ፈሊጥ ነው?

ትዝታችን ከመነሻው የተሳሳተ ለመሆኑ አንድ ማስረጃ ላቅርብ። የክረምት ማጀት የሚሰናዳው በክረምት አይደለም። በርበሬ ፀሐይ ይፈልጋል፤ ስለዚህ እናቴ ዛላውን የምትገዛው በበጋ፣ ዋጋው ሳይንር ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ልዘርዝረው፣ ባለትዝታ የሆነ ወንድሜ ሁሉ ሳይዘል ያንብበው። ዛላው አንድ በአንድ ይቀነጠሳል። ይታጠባል፣ ይሰጣል፣ ይገላበጣል፤ ደመና ሲመጣ ይሰበሰባል፣ ደመናው ሲያልፍ ተመልሶ ይሰጣል። ነጭ ሽንኩርቱ ይላጣል፤ አንድ ሁለት ራስ እንዳይመስላችሁ፣ በኪሎ ነው። ዝንጅብሉ ይፋቃል፣ በሶብላውና ጤና አዳሙ ይለቀማል። ይህ ሁሉ ከበርበሬው ጋር በሙቀጫ ይደለዛል፣ ታፍኖ ያድራል፣ እንደገና ይሰጣል። ኮረሪማው ይፈለፈላል፣ ጥቁር አዝሙዱና ነጭ አዝሙዱ ይታመሳል። ከዚያ ተሸክሞ ወፍጮ ቤት፣ ወረፋ፣ ተሸክሞ መመለስ፣ መንፋት። እጅ ለቀናት ይለበልባል። በዚያ እጅ ዓይኑን ያሸ ሰው ያውቀዋል፤ ሕፃን የምታጠባ እናት ደግሞ የበለጠ ታውቀዋለች። ሽሮውም የራሱ ዳገት አለው፣ እሱን እንለፈው።

እንግዲህ በሰኔ ማብቂያ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኛ ልጆች የምናገኘው ያለቀ ነገር ነበር። እናቴ የወራት ሥራ ሠርታ ጨርሳ፣ ማጀቱን ሞልታ፣ ኩበቱና ማገዶው ሳይርስ አስገብታ፣ ገና «አሁን ክረምቱ ገባ» ትላለች። ለእኛ ግን የክረምት ጣዕም ከሰማይ የወረደ መና ነበር። ዝናብ ሲያስጠልለን ንፍሮ ይመጣል። ከየት መጣ? ከጓዳ። ጓዳው ውስጥ ማን ነበረ? ይህን የጠየቀ ልጅ አላስታውስም።

ከዚያ ደግሞ ዝናቡ ቤቱን መግፋት ይጀምራል። ያደግንበት ቤት የጭቃ ቤት ነበር፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ፣ የጓዳው ግድግዳ ላይ ጋዜጣ የተለጠፈበት። (በነገራችን ላይ ማንበብ የተማርኩት ከዚያ ግድግዳ ነው። ከአልጋው ራስጌ የነበረው «አዲስ ዘመን» ተገልብጦ ስለተለጠፈ ፊደልን ቁልቁል ማንበብ ዛሬም አያዳግተኝም።) በሐምሌ ቆርቆሮው ሲያፈስ አቡጀዲው ላይ ቡናማ ካርታ ይሳላል። ሌሊት ተነሥቶ ሳፋና ጣሳ የሚደረድረው ማን ነበር? የረጠበውን ጣሳ ድምፅ እየሰማሁ እንቅልፍ የወሰደኝ እኔ ያን ድምፅ ዛሬ ሙዚቃ እለዋለሁ። እናቴ ሙዚቃ ብላው አታውቅም።

ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ ነው። አሥራ አምስት ቀን ልጅም ዐዋቂም ይጾማል፤ በመካከሉ በ13 ቡሄ ይመጣል። ወንዶቹ ጅራፋችንን ገምደን፣ ዱላችንን ይዘን፣ ሆያ ሆዬ እያልን በየደጁ እንዞራለን፣ ሙልሙል እንቀበላለን። ሙልሙሉን ያቦኩት፣ ያድቦለቦሉት፣ ምጣዱ ፊት ጭስ የጠጡት ሴቶች ናቸው። እኛ ዘፍነን ዳቦ እንሰበስባለን፣ እነሱ ጋግረው ያድላሉ። በዓሉን አልነቅፍም፤ ልጅነቴ ነውና እወደዋለሁ። ግን በዚያ ድልድል ውስጥ የእኔ ድርሻ የትኛው እንደነበር አሁን ገብቶኛል።

ጳጉሜን ሲመጣ ቤት ማሳመር ይጀመራል። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሰነፍ ሰው አልነበረም። ኖራውን በበርሜል በጥብጦ፣ በረዥም እንጨት ጫፍ ላይ ብሩሽ አስሮ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ ግድግዳውን ያነጣል። የትኛውን ግድግዳ? የውጭውን። ከመንገድ የሚታየውን። የውስጡን ምርጊት በጭድና በጭቃ የምትደፍነው፣ መሬቱን በእበት የምትለቀልቀው እናቴ ነበረች። ጎረቤት ሲያልፍ ግን «አባታችሁ ቤቱን አሳመረው!» ይላል፤ እኛም እንኮራለን። እንግዲህ ይህን ሕግ በሉት፦ ወንድ የሚሠራው የቤት ሥራ ከደጅ የሚታየው ነው። ይህ ሕግ ዛሬም ሥጋ ጥብስ ላይ አልተሻረም። ግቢ ውስጥ እሳት አንድዶ፣ ሽርጥ ታጥቆ፣ ቢራ በእጁ ይዞ የሚጠብስ ወንድ ሞልቷል፤ ምስር የሚለቅም ወንድ ያየ እጁን ያውጣ።

የእኛ የወንዶች ልጆች ጥበብ ደግሞ ሥዕል ነበር። ለእንቁጣጣሽ በውኃ ቀለም አበባ እንሥላለን፣ ክንፉን የዘረጋ መልአክ እንሥላለን፣ «እንኳን አደረሳችሁ» እንጽፍበታለን፤ ጠዋት ለየጎረቤቱ እናድላለን፣ ሳንቲም እንቀበላለን። ለሥዕሉ ስንል ሳምንት ሙሉ ጠረጴዛው የእኛ ነው። እናም እስከ ዛሬ ለማንም ያልነገርኩትን ልናገር። እህቴ ከእኔ የተሻለ ትሥል ነበር። እሷ ግን ጠረጴዛው ጋ የምትደርሰው ማታ፣ ዕቃው ታጥቦ ካለቀ በኋላ ነው። አንድ ዓመት እሷ በኩራዝ ብርሃን የሣለቻቸውን ሦስት መላእክት ጠዋት «የእኔ ናቸው» ብዬ አድያለሁ፤ ሳንቲሙንም በልቻለሁ። ያኔ እሷ የት ነበረች? ቄጠማ እየጎዘጎዘች፣ ዶሮ ወጡን እያማሰለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

ሌላም ልጅ ነበረች። «ከተማ ገብታ ትማራለች» ተብላ ከገጠር የመጣች የአባቴ ዘመድ ልጅ። ከእህቴ በሦስት ዓመት ብትበልጥ ነው። የምትተኛው ማድ ቤት፣ ጆንያ ላይ ነበር። በየትኛው ዓመት የትኛውን መልአክ በምን ቀለም እንደሣልኩ አስታውሳለሁ፤ ያቺ ልጅ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰች ግን አላውቅም። እናቴን ጠየቅኳት። «አልገባችም» አለችኝ፣ ዓይኔን ሳታይ። እናቴንም ቢሆን ነፃ አላደርጋትም ማለት ነው። ሸክም የበዛበት ሰው ከሱ ወደሚያንሰው ያሳልፋል፤ የሸክሙ ጌታ ግን በር ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነብ ነበር።

ይህ የቤታችን ጉድ ብቻ አልነበረም፤ የተጻፈ ሕግም ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 635 ባልን የቤተሰቡ የበላይ አደረገው። በቁጥር 646 ደግሞ፣ ቃሉን ሳይሆን ሐሳቡን ልጥቀስ፣ ባል የቤት ሠራተኛ ሊያቆምላት ካልቻለ ሚስት የቤቱን ሥራ ራሷ የመሥራት ግዴታ አለባት ይላል። እስቲ ይህችን አንቀጽ ደግማችሁ አስቧት። ሕጉ ሥራውን ለሁለት ሴቶች ብቻ አከፋፈለው፤ ለሠራተኛዋ ወይም ለሚስት። ሦስተኛ ሰው በዚያ ቤት ውስጥ እንዳለ ሕግ አውጪው ረስቶት አይደለም፣ የበላይ ብሎ ከላይ ጽፎታል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ይህን ሽሮ ባልና ሚስት ቤተሰባቸውን በመምራት እኩል መብት አላቸው አለ። መልካም። ማድ ቤቱ ግን ነጋሪት ጋዜጣ አይደርሰውም። የያኔው ማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ በ2005 ዓ.ም. የጊዜ አጠቃቀም ጥናት ባካሄደ ጊዜ ያለ ክፍያ የሚሠራውን የቤት ሥራ በብዛት የተሸከሙት ሴቶች ሆነው መገኘታቸውን ለማወቅ እኔ በበኩሌ ጥናቱን ማንበብ አላስፈለገኝም ነበር።

የቤት ሠራተኛዋስ? በ1996 የወጣውም ሆነ በ2011 የተተካው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ እሷን ከጥበቃው ውጭ ትተው፣ ለብቻዋ ደንብ ይወጣላታል ብለው አልፈዋል። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዐረቢያ ከመቶ ሺህ በላይ ወገኖቻችን ሲመለሱ ሁላችንም ቴሌቪዥን ፊት አልቅሰናል። እኔም አልቅሻለሁ። እንባዬን ጠርጌ «አንቺ ልጅ፣ እራት አልደረሰም?» ብዬ የተጣራሁ ይመስለኛል። እርግጠኛ አይደለሁም፤ ግን ሰዓቱ የእራት ሰዓት ነበር።

አሁን ወደ ዛሬው ክረምት እንምጣ። ዛሬ «ባልትና» የሱቅ ስም ነው። ሽሮው በላስቲክ ታሽጎ፣ በርበሬው ተመዝኖ ይሸጣል። ይህን የሚያንቋሽሹ ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን አላንቋሽሽም። በርበሬ አሰናድታ የምትሸጠው ሴት ቢያንስ ለሳሏ ገንዘብ ታገኝበታለች። በርበሬ ውስጥ ሸክላ፣ እንጀራ ውስጥ ጀሶ ተገኘ የሚለው ዜና በየጊዜው መሰማቱ አስከፊ ነው፤ መድኃኒቱ ግን ቁጥጥር ነው እንጂ የእህቴን እጅ ዳግም መለብለብ አይደለም።

ጀሶ ካነሣን የቤት ማሳመሩም ወደ ጀሶ ዞሯል። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በተጀመረው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ቤት የደረሰው ሰው ቤቱን የሚረከበው ማጠናቀቂያው በአብዛኛው ሳይሠራ ነው፤ ስለዚህ ክረምት ሲገባ ባለሙያ ይጠራል። ኮርኒሱ ላይ ጀሶ እንደ ኬክ ክሬም ይጠቀለላል፣ መሐሉ ላይ ሰማያዊ መብራት ይገባል። ሳሎኑ ከተማረ በኋላ ማንም አይቀመጥበትም። ሶፋው ላይ የፋብሪካው ላስቲክ እንዳለ ነው። ቤተሰቡ የሚኖረው ማድ ቤቱና መኝታ ቤቱ መካከል ባለችው መተላለፊያ ነው። ልጆቹ ግድግዳ እንዳይነኩ ይጮህባቸዋል። የእኔ አባት የውጭውን ግድግዳ አነጣ፤ እኛ ደግሞ የውጭውን ግድግዳ ወደ ውስጥ አስገባነው።

ልጆቹም ቢሆኑ ቤት የሉም። ሰኔ ላይ ትምህርት ቤቱ በተዘጋ በሳምንቱ «የክረምት ማጠናከሪያ» ይጀመራል። አሥር ወር የተማረውን ልጅ ሁለት ወር ያጠናክሩታል። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ኮምፒውተር። ደካማ ለሆነበት ትምህርት እርዳታ የሚያስፈልገው ልጅ እንዳለ አውቃለሁ፤ የምቃወመው እሱን አይደለም። ግን ጎረቤቴ ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጁ የክረምት ክፍያ ከፍሎ ሲያበቃ፣ ያ ልጅ ሻይ ለማፍላት እህቱን ሲጠራ ሰምቻለሁ። የሚጠናከረው ምንድን ነው?

«ቦታ የለም» የሚለው መከራከሪያ ደግሞ አለ። አራተኛ ፎቅ ላይ በርበሬ የት ይሰጣ፣ ሙቀጫ የት ይወቀጥ? እውነት ነው፣ የታችኛው ጎረቤት ጣሪያው የሚፈርስበት ይመስለዋል። ግን ሕንጻዎቹ ሲታቀዱ ይህ ተረስቶ አልነበረም። በየብሎኩ መካከል የጋራ መገልገያ ቤት የተሠራው ለዚሁ፣ ለእርድ፣ ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያ፣ ለድግስ ነበር። በየቦታው ዞራችሁ እዩት፤ አንዱ ጋ ሱቅ ሆኖ ተከራይቷል፣ ሌላው ጋ መጋዘን ነው፣ አንዳንዱ ጋ ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ አይታወቅም። እኛ ብሎክ ውስጥ ኮሚቴው ስብሰባ ጠርቶ ስለ መኪና ማቆሚያ ሦስት ሰዓት ሲከራከር ስለዚህ ቤት ቃል የተነፈሰ የለም። ስብሰባው ላይ የነበርነው አብዛኞቻችን ወንዶች ነበርን። የቦታ ችግር ማለት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

እንግዲህ ሌላውን ስወቅስ ቆይቻለሁና የራሴን ልናገር። ባለፈው ነሐሴ፣ ፍልሰታ ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ቤታችን የምትሠራው ልጅ ሳሎን በር ላይ ቆማ «ጋሼ፣ የማታ ትምህርት ምዝገባ ተጀምሯል። ሰባተኛ ክፍል ብቀጥል ብዬ…» አለችኝ። «እናስብበታለን» አልኳት። ልብ በሉ፣ ያን ጊዜ የእናቴ ንግግር ከተነገረኝ አንድ ዓመት ሊሞላው ነበር። በየተገኘሁበት እጠቅሰዋለሁ፣ ሰው ያጨበጭብልኛል። ልጅቷ አንድ ጥያቄ ስትጠይቀኝ ግን ሳምንት ሙሉ ሳስብ የነበረው ስለ ትምህርት አልነበረም፤ «እራቱን ማን ይሠራል?» የሚለውን ነበር። ባለቤቴ ከቢሮ የምትመለሰው ከእኔ በኋላ ነው። ልጆቹ፣ አሥራ አምስትና አሥራ ሁለት ዓመት፣ እጃቸው ሙሉ ነው። የእኔም እጅ ሙሉ ነው። የአራት ሰው ስምንት እጅ ቤት ውስጥ ሆኖ እራት የሚሠራ የጠፋው አንዲት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ልትማር ነው ስትል ነው።

ሳምንቱ ሲያልቅ ለባለቤቴ «ትመዝገብ፤ እኔ እረዳሻለሁ» አልኳት። እሷም መለሰች፦ «የምትረዳኝ ከሆነ ሥራው የእኔ ነው ማለት ነው። መቼ ነው የእኔ ሆኖ የተጻፈው?» እኔ ደግሞ ቃላት እየመረጥኩ የምጽፍ ሰው ነኝ እላለሁ! «እረዳሻለሁ» የምትለዋን ቃል ሃያ ዓመት ስጠቀምባት በውስጧ ያለውን አላየሁም። ጎረቤቱ ቤቱ ሲቃጠል ውኃ ያቀበለ ሰው ረዳ ይባላል። የገዛ ቤቱን እሳት ያጠፋ ሰው ማንን ረዳ?

ልጅቷ ተመዘገበች። ልጆቹን ከክረምት ትምህርቱ የቀረችውን ሳምንት አስቀረናቸው። ከዚያ የሆነውን እያሳመርኩ አልነግራችሁም። ልጄ የመጀመሪያዋን ሽሮ ሠራ፤ ጓጉሎ ጓጉሎ እያንዳንዱ ጉርሻ ውስጥ ደረቅ ዱቄት ነበረ። እኔ ሽንኩርት አሳረርኩ፣ ደግሜ አሳረርኩ፣ በሦስተኛው «ጥቁር ወጥ ነው» ብዬ አቀረብኩ። ባለቤቴ ሳሎን ተቀምጣ መጽሐፍ ታነባለች፤ ቢያንስ ገጽ ትገልጣለች። አንዴም አልተነሣችም። መጨከኗ መጀመሪያ አናደደኝ፣ ኋላ ገባኝ፤ አንዴ ከተነሣች ተመልሳ እንደማትቀመጥ ታውቃለች።

ኮርኒሱን ሊሠራ የመጣው ባለሙያ የጠራው ዋጋ ከአቅማችን በላይ ስለነበረ ጀሶው ቀረ። ቀለም ገዝተን መተላለፊያውን በጳጉሜን ራሳችን ቀባነው፤ ውስጡን። መስመሩ ቀጥ አላለም፤ በሩ አጠገብ ወደ ግራ ያዘነብላል። የታችኛው ግማሽ ላይ ሴቷ ልጄ በቢጫ አደይ አበባ ሣለችበት። ወንድሟ «እኔም ልሣል» ሲል «መጀመሪያ ብሩሹን እጠብ» አለችው። አጠበ። ሌላ ዘመን መጣ አልልም፤ ግን እኔ በእሱ ዕድሜ ብሩሽ አጥቤ አላውቅም።

በመስከረም 1 እናቴ፣ ወንድሞቼና እህቴ እኛ ቤት መጡ። ሠራተኛችን ለበዓሉ ወደ ቤተሰቦቿ ሄዳለች፤ እኛ ቤት በገባች በሦስት ዓመቷ የመጀመሪያዋ እንቁጣጣሽ ናት ከእናቷ ጋር የምታከብረው። ይህንንም ያወቅኩት ስትሰናበተን ነው። ዶሮውን ልጄ ከእናቱ እየተጠየቀ፣ እየተነገረው በልቷል፤ አሥራ ሁለት ብልት መሆን የነበረበት አሥራ አንድ ወጣ። አሥራ ሁለተኛው የት እንደገባ እስካሁን አልታወቀም። ወጡን እኔ አማስያለሁ፤ በርበሬው ግን የተገዛ ነው፣ አልክድም።

እናቴ ገና ስትገባ መተላለፊያው ላይ ቆማ ግድግዳውን አየች። አበባዎቹን በጣቷ ዳሰሰች። «ማን ነው የሣለው?» አለች። ልጄ «እኔ» አለች። እህቴ አጠገቧ ሄዳ ብዙ ቆመች፤ ምን እንዳሰበች አልጠየቅኳትም። መላእክቱን እስከዚያ ቀን አልመለስኩላትም፤ ይህን ስታነብ እንግዲህ ታገኛቸዋለች።

በላን፣ ጠጣን። ወንድሜ እንደ ልማዱ «ድሮ እንቁጣጣሽ…» ብሎ ጀመረ። እናቴ ጎንበስ ብላ ወደ ማድ ቤቱ አጮለቀች። ዕቃው ተከምሯል፤ ከሁሉ በላይ ያ ትልቁ ድስት፣ ቁሌቱ ታች ይዞት፣ ተገልብጦ ተቀምጧል።

«ወጡ ጥሩ ነው» አለች፣ «ድስቱን ደግሞ ማን ሊያጥበው ነው?»

ወንድሞቼ ሁሉ እኔን አዩኝ። እኔ ልጄን አየሁት። ልጄ መስኮቱን አየ።